ለቦታውም አንድ ዋንጫ ይዘጋጅለት

ይድረስ፦ የፊልም ሽልማት ለምታዘጋጁ ሁሉ፣ ካሜራ ተሸክማችሁ ለምትዞሩ ፊልም ሠሪዎች፣ እንዲሁም የባህልና ቱሪዝም ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ።

የዚህ ደብዳቤ ነገር የተጀመረው ጀበና ቡና ላይ ነው። ሦስት ነን። አንዱ ጓደኛችን ስልኩ ላይ የቆየ የአማርኛ ፊልም ከፍቶ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አደረገው። ልጅቷ እያለቀሰች ደረጃ ትወርዳለች። ዝናብ ጥሎ አባርቷል። ድንጋዩ ያብለጨልጫል። «ይቺ ደረጃ የት ናት?» አለን። እኔ «ዶሮ ማነቂያ» አልኩ። ሌላኛው «ሰራተኛ ሰፈር ናት፣ እናቴን!» ብሎ ማለ። ተከራከርን። ቡናው ሁለተኛ ደረሰ፣ ሦስተኛ ደረሰ። ልጅቷ ለምን እንደምታለቅስ ማንም አልጠየቀም።

ድሮ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ሒሳብ ከፍለን ፒያሳ ሄደን እናያለን፤ የተሸነፈው ማኪያቶ ይጋብዛል። አሁን ግን ሄዶ ማየት የለም። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሳለች። ደረጃዋ እዚያ ከነበረች ዛሬ ያለችው ስልኩ ውስጥ ብቻ ነው። እንግዲያው ከፊልሙ መጨረሻ ላይ እናገኛት ይሆናል ብለን የስም ዝርዝሩን አየን። «የቀረጻ ቦታ፦ አዲስ አበባ» ይላል። እግዜር ይስጥልን! አዲስ አበባ መሆኑንማ ከታክሲው ቀለም አውቀናል።

ልመናዬን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው ከዚህ በታች ያለውን ባያነብም አልቀየምም። በሽልማት ምሽታችሁ ላይ አንድ ዘርፍ ጨምሩልን። ስሙ «ምርጥ የቀረጻ ቦታ» ይባል። ዋንጫው ሁለት ይሁን፤ አንዱ ቦታውን ፈልጎ ላገኘው ባለሙያ፣ ሌላው በሩን ለከፈተው ሰው።

እንዲህ የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። ተዋናይ አይደለሁም፣ ዳይሬክተርም አይደለሁም። ከብዙ ዓመት በፊት ግን በአንድ ፊልም ላይ የፕሮዳክሽን ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። የፕሮዳክሽን ረዳት ማለት፣ ለማያውቅ፣ ውሃ የሚገዛ፣ ጄኔሬተር የሚያስነሳ፣ የሰፈር ልጆችን «በናታችሁ ካሜራውን አትዩት» እያለ የሚለምን፣ ሲመሽ ደግሞ ተዋናዮቹን ታክሲ የሚያሳፍር ሰው ነው። ከዚህ ሁሉ መሃል አንዱ ሥራዬ ቤት መፈለግ ነበር።

ዳይሬክተሩ የሰጠኝ ትእዛዝ እስከዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። «አሮጌ ግን ያልቆሸሸ፣ ድሃ ግን ያልተጎሳቆለ፣ እናት እናት የሚሸት ቤት አምጣልኝ።» እናት እናት የሚሸት ቤት ከየትኛው ደላላ ይገኛል? አራት ቀን ዞርኩ። ደላላ ሁሉ ቪላ ያሳየኛል። «ለክሊፕም ለፊልምም ይሆናል፤ ሶፋው ነጭ ነው» ይለኛል አንዱ፣ ነጭ ሶፋ የፊልም ሕግ ይመስል።

ስለ ነጩ ሶፋ ትንሽ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። አንድ ሰሞን የአማርኛ ፊልም ሁሉ አንድ ሳሎን ውስጥ የሚኖር ይመስል ነበር። ሀብታሙ አባት እዚያ ነው። ከገጠር የመጣችው ሠራተኛ እዚያ ናት። ከአሜሪካ የመጣው እጮኛም ሻንጣውን የሚያስቀምጠው እዚያው ሶፋ አጠገብ ነው። ደረጃው ጠመዝማዛ ነው። ግቢው ውስጥ ማንም ተቀምጦበት የማያውቅ ሣር አለ። አልፈርድም። ቪላ ውስጥ በር ትዘጋለህ፣ ብርሃኑን እንደፈለግክ ታደርጋለህ፣ የአንድ ቀን ኪራይ ከፍለህ አምስትና ስድስት ሲን ታወጣለህ። ውጭ ስትወጣ ግን የታክሲው ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይላል፤ ቁራሌው ያልፋል፤ ልዋጩ ይከተላል፤ ፀሐይዋም ዳይሬክተሩን አትሰማም። ገንዘብ ያጠረው ሰው ሶፋው ላይ ቢቀር ምን ይገርማል? ግን ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚያን ፊልሞች የሚያይ ልጅ አዲስ አበባ ምን ትመስል እንደነበር ሳይሆን ሶፋ ምን ይመስል እንደነበር ነው የሚማረው።

ወደ ቤት ፍለጋዬ ልመለስ። በአምስተኛው ቀን ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አንዲት ቀጭን መተላለፊያ ስገባ በሩ ገርበብ ያለ የቀበሌ ቤት አየሁ። ቡና እየተቆላ ነው። ቡፌው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የማይሠራ ትልቅ ሬዲዮ፣ ሬዲዮው ላይ ደግሞ ሌላ ዳንቴል አለ። ባለቤቷን ሰፈሩ «እማማ» ይላቸዋል፤ እኔም ከዚህ በላይ ስማቸውን አልጠራም። ጉዳዬን ነገርኳቸው። ስለ ኪራይ ሳነሳ ፊታቸው ተለወጠ። «እንግዳ ቤቴ ገብቶ ያስከፈልኩት መቼ ነው?» አሉኝ። በስንት ልመና፣ «ለቡና» ተብሎ ትንሽ ነገር ተቀበሉ።

የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ሲን። እናትየዋ ልጇን «ሂድ፣ አልይህ» ብላ የምታባርርበት። ከባድ ሲን ነው፤ ተዋናይቷ ከጠዋት ጀምሮ ማንንም አላናገረችም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዳይሬክተሩ «አክሽን!» አለ። ተዋናይቷ አፏን ስትከፍት ጓሮ ያለው አውራ ዶሮ ኩኩሉ አለ። ካት። እንደገና። «አክሽን!» ኩኩሉ። ካት። ሰባት ጊዜ! ሳይቀረጽ ዝም ይላል፣ «አክሽን» ሲባል ይጮሃል። ቃሏን ለይቷታል። ሳውንድ ማኑ ማዳመጫውን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ወደ እማማ ሄድኩና «እማማ፣ ይህን ዶሮ ዝም የሚያሰኘው ነገር ይኖር ይሆን?» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና «በርበሬ» አሉኝ።

ሒሳቡን ፕሮዳክሽኑ ከፈለ። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው፤ እኛ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ሰባታችን እንቁላልና መረቅ ደረሰን። ዶሮ ማነቂያም ስሟን አስከበረች።

ሌላም ነገር አለ። የቤቱ ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር። አንዱ ጥግ ላይ ጣሪያው ሲያፈስ ውሃ የሠራበት ቡናማ ክብ ነበረው። እማማ በዚያች ክብ በጣም ያፍሩባት ነበር። «ቀድማችሁ ብትነግሩኝ አስለውጠው ነበር» እያሉ ደጋግመው ይቅርታ ጠየቁን። ካሜራማኑ ግን ወደዳት። ተዋናይቷን ከታች ወደ ላይ እያየ ክቧ ከራሷ በላይ እንድትውል አድርጎ ቀረጸ። እማማ ይህን ሲያዩ «ምን ዓይነት ነውረኛ ልጅ ነው፣ ጉዴን ያወጣል» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ስንጨርስ «ስታስመርቁ ጥሩኝ» አሉን። አልጠራናቸውም። ረሳናቸው ነው የሚባለው፤ እኔ ግን ረስቼ አይደለም። ይጠሩ ብዬ ለመናገር ደረጃዬ አይፈቅድም ብዬ ነው። ይህን ስጽፍም ያሳፍረኛል። በፊልሙ መጨረሻ ላይ የመብራት አከራዩ ስም አለ፣ የምሳ አቅራቢው ስም አለ፣ የእኔ ስም እንኳን በአንድ ፊደል ስህተት አለ። የእማማ ስም የለም። የዶሮ ማነቂያም የለም።

ፊልሙ በኋላ ለሽልማት ታጨ። የቱ መድረክ እንደሆነ ይለፈኝ። የሽልማት ምሽት ያየ ሁሉ መልኩን ያውቀዋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል የተባለው ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል ተጀመረ። ቀይ ምንጣፍ ላይ የእግር ጣቷ የተጨነቀባት ተዋናይት ሁሉ ፈገግ አለች። የአጋር ድርጅት ተወካይ አጭር ንግግር ለማድረግ ወጥቶ ረጅም ንግግር አደረገ። የባህል ቡድኑ አገሩን በሙሉ በአሥር ደቂቃ ዞረልን። ማይኩ ሁለቴ ጠፋ። ፖስታው አልቀደድ አለ። እኔ እነዚህን ምሽቶች እወዳቸዋለሁ፤ በስላቅ አይደለም። አንድ የፊልም ሰው በዓመት አንዴ ሱፍ ለብሶ በሕዝብ ፊት የሚጨበጨብለት እዚያ ነው።

ታዲያ ካሜራማናችን አሸነፈ። ምርጥ ሲኒማቶግራፊ። ወጥቶ ፈጣሪን አመሰገነ፣ እናቱን አመሰገነ፣ ዳይሬክተሩን፣ ባለቤቱን፣ ካሜራ ያከራየውን ልጅ አመሰገነ። «ስማችሁን ያልጠራኋችሁ ቅር እንዳይላችሁ» ብሎ ዋንጫውን ከፍ አደረገ። ከጀርባው ትልቁ ስክሪን ላይ የፊልሙ ምስል እየታየ ነው። የትኛው ምስል ይመስላችኋል? ያቺ ኮርኒስ! አዳራሹ በሙሉ ለዝናብ ክብ ያጨበጭባል። እማማ በዚያች ሰዓት ከአዳራሹ በእግር ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ ሽሮ እየሠሩ ይሆናል።

ሰፈሩ ሲፈርስ እማማ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ባለፈው በዓል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃ አለው፣ ሽንት ቤቱ የግል ነው፤ ይህን ሲያሳዩኝ ደስ ብሏቸው ነው። ቡፌው ግን በደረጃው አልገባ ብሎ ተሽጧል። ቡና ከተጠጣ በኋላ የልጅ ልጃቸውን «ያንን ፊልም አምጣው» አሉት። ልጁ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ተደግፎ እንዲቆም አደረገው። እማማ ተዋናዮቹን አያዩም። ታሪኩንም አይከተሉም። «እዚህ ጋ አቁመው» ይሉታል። ቡፌው ነው። «ደግሞ እዚያ ጋ።» የጓዳው በር ነው። በሩ ላይ መጥረጊያው እንኳን አለ። መጨረሻ ላይ ኮርኒሷ መጣች። ስልኩን ብድግ አድርገው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «አየህ፣ ይቺ ናት» አሉኝ። ምን ናት እንደሆነ አልጨመሩም።

እንግዲህ እነዚህ የፊልም ሰዎች ለምን ለቦታ ሽልማት አይሰጡም እያልኩ መብሰልሰል የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ፊልሞቻችን በውጭ መድረክ ሲሸለሙ፣ ከታሪኩ ጋር የሚሸለመው መሬቱ ጭምር ነው። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1974 አገሪቱ በለውጥ ስትናጥ ሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ በጥቁርና ነጭ ቀረጸው። ዛሬ ያንን ፊልም የሚያይ ሰው ከገበሬው ፊት ጋር ማሳውን ነው የሚያየው፤ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ማሳ አይደለም። የዚሁ ሰው «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰቱን ሽልማት ወሰደ፤ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አመጣ። ከ«ጤዛ» ውስጥ የጎንደርን አገር አውጡና ምን ይቀራል? የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ሄደ፤ በዚያ ፌስቲቫል ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም ነው። ታሪኩ አንድ ልጅና አንዲት በግ ናቸው፤ ከልጁና ከበጓ ጀርባ ያለው አረንጓዴ ተራራ ግን ሦስተኛው ተዋናይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታየው የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳይ» ደግሞ ሐረርን በጥቁርና ነጭ፣ በጭስና በጫት ቅጠል ያሳያል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ስፔናዊ «ክራምብስ» የሚባል የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ሲሠራ ዳሎልን መረጠ። ዓለም ካለፈች በኋላ ያለውን ምድር ፈልጎ ነበር፤ ዳሎል ላይ አንድ ሚስማር ሳይመታ አገኘው።

የእኛን ቦታ የሚያውቁት ድሮም ነበሩ። ሆሊዉድ እ.ኤ.አ. በ1973 «ሻፍት ኢን አፍሪካ»ን ሲሠራ ኢትዮጵያ መጥቶ ቀርጿል። የኃይሌ ገብረሥላሴ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1999 «ኢንዱራንስ» ተብሎ ሲወጣ የተሮጠው እውነተኛው መንገድ ላይ ነው፤ ኃይሌም ራሱን ሆኖ ተውኗል። በሌላ በኩል በሱዳን በኩል የወጡት የቤተ እስራኤላውያን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2019 ፊልም ሲሆን የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው። የዚያኛው ምክንያት ብዙ ይሆናል፤ ሱዳንም ያን ጊዜ ካሜራ ይዘህ የምትዝናናባት አገር አልነበረችም። ቢሆንም እኛ የምንለው ተረት አለን፦ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ።

ቦታ ምን ያህል እንደሚሸጥ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ቱኒዚያ ማትማታ የምትባል መንደር አለች፤ ሰዉ መሬት ቆፍሮ የሚኖርባት። እ.ኤ.አ. በ1976 የ«ስታር ዋርስ» ሰዎች መጥተው እዚያ ያለች አንዲት የጉድጓድ ሆቴል ውስጥ ቀረጹ። ዓለም እስከዛሬ ያቺን ሆቴል ሊያይ ይመጣል። ኒውዚላንድ ደግሞ ማታማታ የምትባል ከተማ አለች (ስማቸው መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነው)፤ አጠገቧ ያለ የበግ እርሻ ላይ ለ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ተሠርተው በኋላ ለ«ዘ ሆቢት» እንደገና የተገነቡትን ትንንሽ ቤቶች ሰው ከፍሎ ይጎበኛቸዋል። ሩቅ አንሂድ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ ሳሎናችን ገብቷል። እህቴ ከአዲስ አበባ ወጥታ አታውቅም፤ ኢስታንቡል ላይ ብትጥሏት ግን የቦስፎረስን ድልድይ ተከትላ የሀብታሞቹን የባሕር ዳር ቤት ታገኘዋለች። ቱርኮቹ ለእህቴ ማስታወቂያ አልላኩም። ድራማ ላኩ።

«ለቦታ የሚሰጥ ሽልማት ሰምተን አናውቅም» እንዳትሉኝ። አሜሪካ ውስጥ የሎኬሽን ማናጀሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የራሱን ሽልማት ይሰጣል፤ ሥራቸው ቦታ መፈለግ፣ ማስፈቀድና መጠበቅ ነው። ኦስካርም ቢሆን ዘርፎቹ ከሰማይ አልወረዱም። ለተዋናይ መራጮች የሚሰጠው ሽልማት የተጨመረው ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ለወጡ ፊልሞች ነው። ለአደገኛ ትዕይንት ባለሙያዎችም በመቶኛው ኦስካር፣ እ.ኤ.አ. በ2028፣ እንደሚጀመር ተነግሯል። እነዚያ ሰዎች ከፎቅ እየዘለሉ፣ ከመኪና እየተወረወሩ መቶ ዓመት ጠበቁ። እማማን መቶ ዓመት አታስጠብቋቸው።

ተቃውሞውን ከአሁኑ እሰማዋለሁ። «ምሽቱ ራሱ ረጅም ነው፤ ሌላ ዘርፍ ከተጨመረ ሲነጋ እንወጣለን።» እውነት ነው። የአጋር ድርጅቱን ንግግር አምስት ደቂቃ ቀንሱለት፤ ይበቃዋል። «ዳኛው ምኑን ይመዝናል?» ላላችሁ ደግሞ ይኸው፦ ቦታው ታሪኩን ተሸክሟል ወይስ ጌጥ ነው? ከዚህ በፊት በስንት ፊልም አይተነዋል? ቀረጻው ሲያልቅ ቦታው እንደነበረ ተመልሷል ወይ? ይህ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። ግድግዳ ቀብተው፣ ችካል ተክለው፣ የሰው ጓሮ ረግጠው የሄዱ ቡድኖች አይቻለሁ። ሁለተኛው ቡድን ሲመጣ በሩ የሚዘጋበት በመጀመሪያው ጥፋት ነው። ነጭ ሶፋ ያለበት ፊልም ግን ከውድድር ይታገድልኝ። (ይህችኛዋ ቀልድ ናት። በግማሽ።)

ለፊልም ሠሪዎች የምለው ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በመጨረሻው ዝርዝር ላይ የቦታውን ስም ጻፉ። «አዲስ አበባ» ብላችሁ አትለፉ። ሰፈሩን ጻፉ፤ ከቻላችሁ ዓመቱንም ጻፉ። ባለቤቱ ከፈቀደ ስሙን፣ ካልፈቀደ «እናመሰግናለን» ብቻ። ስታስመርቁ ጥሩት፤ ፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጡት። በ1957 ዓ.ም. የወጣውን «ሂሩት አባቷ ማነው?»ን ዛሬ የሚያይ ሰው ከሂሩት አባት ይልቅ የመንገዱን ነገር ማወቅ ይፈልጋል። አሜሪካ ያለች አክስቴ የአማርኛ ፊልም የምታየው ለታሪኩ አይደለም። መሃል ላይ ትደውልልኛለች፦ «ልጅቷና ልጁ የሚጣሉበት መንገድ አራት ኪሎ ናት አይደል? የጫማ ቤቱ የት ሄደ?» የሷን ጥያቄ የሚመልስ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው የምለምነው።

ወደ ኃላፊዎቹ ልምጣ። ስለ ፈቃድ ነው። በዚያ ፊልም ላይ አንዲት የመንገድ ሲን ነበረችን፤ ርዝመቷ አርባ ሰከንድ። ልጁ መንገድ ይሻገራል፣ ዞሮ ያያል፣ ያበቃል። ለአርባ ሰከንዷ ስድስት ቀን ተመላለስኩ። አንደኛው ቢሮ «የኛ አይደለም፣ የእነ እንትና ነው» አለኝ። የእነ እንትና ቢሮ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሲመለሱ ጸሐፊዋ የለችም። በስድስተኛው ቀን ደብዳቤው ወጣ፤ እልል ብዬ ቦታው ደረስኩ። ጥበቃው ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ገለበጠው፣ ጀርባውንም አየው። «ማኅተም አለው፣ ቲተር የለውም» ብሎ መለሰልኝ። ተከራክረን ሳንጨርስ ፀሐይዋ ገባች። ያቺን ሲን በማግሥቱ ቪላው ግቢ ውስጥ፣ ሣሩ ላይ ቀረጽናት። ልጁ መንገድ ሳይሆን ሣር ተሻገረ። ነጩ ሶፋ የሚያሸንፈው እንዲህ ነው፤ ፊልም ሠሪው ጣዕም ስለሌለው ብቻ አይደለም።

አንድ መስኮት ይበቃናል። አንድ ቅጽ፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ ቲተር። በዚያው መስኮት ላይ ደግሞ መዝገብ ይቀመጥ፦ የትኛው ፊልም፣ መቼ፣ የት ሰፈር፣ የትኛው መንገድ ላይ ተቀረጸ። ከተማው መለወጡ አይቀርም፤ እሱን አልሟገትም። ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ግን ያንን መዝገብ አይቶ «እዚህ ቦታ የተቀረጹ እነ እገሌ ፊልሞች አሉ፣ ቅጂያቸው ይቀመጥ» የሚል አንድ ሠራተኛ ቢኖር፣ ሦስት ጎልማሶች ቡና ላይ ስለ ደረጃ ባልተጣሉ ነበር።

የማልፈልገውንም ልናገር። በየቤቱ በር ላይ «እዚህ ፊልም ተቀርጿል» የሚል ሰሌዳ አትለጥፉ። አልበከርኪ የሚባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ በአንድ ዝነኛ ተከታታይ ድራማ ላይ የታየ ቤት አለ። በድራማው ውስጥ ሰውየው ተናዶ ፒዛ ጣሪያው ላይ ይወረውራል። ተመልካቹም እየመጣ እውነተኛ ፒዛ እየወረወረ ባለቤቶቹን ቁም ስቅል አሳያቸው። መጨረሻ ላይ አጥር አጠሩ። እኛ አገር ምግብ አይወረወርም፤ ሰልፊ ግን ይነሳል፣ በር ይንኳኳል፣ የዋህ ባልቴት ደግሞ ለሁሉም ቡና ሊያፈሉ ነው። ሰሌዳው መንገድ ላይ፣ አደባባይ ላይ፣ ሲኒማ ቤት በር ላይ ይሁን። የሰው ቤት የሰው ቤት ነው።

ከእናንተ ከአዘጋጆቹ መካከል «ጉማ»ን የምታዘጋጁ አላችሁ፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣ መድረክ ነው፤ ስሙም የአንድ የቆየ ፊልማችን ስም ነው። ከእናንተ በኋላ የተነሡም፣ ነገ የሚነሡም ይኖራሉ። ማን ቀድሞ ይህን ዘርፍ እንደሚጀምረው ለእኔ ለውጥ የለውም። የጀመረው ሰው ግን የመጀመሪያውን ዓመት ዕጩ ከእኔ ይቀበለኝ። ፊልሙ አሮጌ ነው፣ ደንቡም ላይፈቅድ ይችላል። ከደንብ ጋር ሳይሆን ከወዳጅ ጋር እንደሚነጋገር ሰው ሆኜ ነው የምለምናችሁ።

እማማን ጠይቄያቸዋለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቀጥለው «ማታ ነው እንዴ? ብርድ አለው?» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉት የሐበሻ ቀሚስ እንዳለ ነገሩኝ፤ ሁለቴ ብቻ ነው የተለበሰው። ስለዚህ እሺ ካላችሁ መኪና ላኩላቸው። ሹፌሩ ቀድሞ ይድረስ፤ አራተኛ ፎቅ ናቸው፣ ሊፍት የለውም፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ንግግር ያስረዝማሉ ብላችሁም አትስጉ። ምን እንደሚሉ ጠይቄያቸው «ዶሮው ይቅር በለኝ እላለሁ» ብለውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የፕሮዳክሽን ረዳት
አዲስ አበባ